የማልበላውን ሎብስተር ስቆጥር

እናቴ ይህ ነገር እስከዛሬ አልተዋጠላትም። በስልክ ባወራን ቁጥር ትመለስበታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለማትበይው ነገር ነው እንዴ ባሕር ውስጥ የምትገቢው?»

«አዎ እማዬ።»

«እሺ፣ ያዝሽው እንበል። ከዚያስ?»

«አልይዘውም። ቆጥሬው እወጣለሁ።»

ትንሽ ዝም ትላለች። «በይ እመብርሃን ትጠብቅሽ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እዚህ ሳንዲያጎ ያሉ ሀበሾችም ቡና ላይ ስንገናኝ ይህንኑ ይጠይቁኛል። እኛ ቤት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም። እኔም ሎብስተር ቀምሼ አላውቅም። ግን ላለፉት አምስት ዓመታት ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ባሕር ውስጥ ገብቼ ሎብስተር እቆጥራለሁ። እንዴት እንደጀመርኩ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩና መጀመር የሚፈልግ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት እነግራችኋለሁ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ዋና ግን አልችልም ነበር። ጉማሬ አለ፣ ሴት ልጅ ነሽ፣ ልብስሽ ይረጥባል፤ ምክንያቱ ብዙ ነበር። ዋና የተማርኩት በ34 ዓመቴ፣ የሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ በምሄድበት የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው «እኔ ውኃ አልችልም» የሚል ብዙ ወገን ስላለ ነው። በሠላሳዎቹም በአርባዎቹም ዕድሜ ይለመዳል። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ የጀማሪ ዳይቪንግ ኮርስ ወሰድኩና የምስክር ወረቀቱን ያዝኩ።

ስለ እንስሳው ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን ሎብስተር ሲባል ትዝ የሚለን ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው ነው። እሱ የአትላንቲኩ ነው። የካሊፎርኒያው መቆንጠጫ የለውም። በመቆንጠጫ ፋንታ ሁለት ረጃጅም፣ ወፍራም፣ እሾህ የለበሱ አንቴናዎች አሉት። ጠላት ሲመጣበት አንቴናውን ከሥሩ እየፈተገ የሚንቋቋ ድምፅ ያሰማል። ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ለምግብ ይወጣል።

እዚህ ሳንዲያጎ ስለ ሎብስተር የሰማሁት መጀመሪያ ከአዳኞች ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ጠላቂ በወቅቱ ሎብስተር መያዝ ይችላል። ግን በእጁ ብቻ ነው። ጦር የለም፣ መንጠቆ የለም። በቀን ከሰባት በላይ አይፈቀድም። ወቅቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ተከፍቶ በማርች አጋማሽ ላይ ይዘጋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ ይሄዳል። «ነይ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ሞክሪው» አለኝ። ፈቃዱንም የሎብስተር ካርዱንም አውጥቼ ሄድኩ። ብይዝ ለሱ ልሰጠው ነበር።

ያን ሌሊት ያደረግኩትን አልረሳውም። ከትልቅ ድንጋይ ሥር አንድ ሎብስተር ወጥቶ አሸዋው ላይ ቆሟል። ባትሪዬን አበራሁበት። አልሮጠም። ቸኮልኩና ከላይ በመዳፌ ተጭኜ መያዝ ሲገባኝ አንቴናውን ጨበጥኩት። ቀጭ ሲል በጓንቴ ውስጥ ተሰማኝ። ሎብስተሩ ጅራቱን አጥፎ ወደ ኋላ ተወረወረና ጠፋ። እጄ ላይ የቀረው እንደ እርሳስ የወፈረ፣ እሾሁ ገና ያልተላላጠ አንቴና ነበር። አንዳንዶቹ እሾሆች ጫፋቸው ብርቱካናማ ነበር። ባትሪዬ ብርሃን ውስጥ ይዤው ቆየሁ።

አንቴናም እግርም መልሶ ይበቅላል። ሎብስተር ሲያድግ አሮጌ ልባሱን ያወልቃል፤ የተሰበረው በየውልቂያው ቀስ እያለ ይተካል። ዋጋ ግን አለው። ለማደግ የሚያውለውን አቅም ለጥገና ያውለዋል። እስኪተካለት ድረስ ደግሞ ጠላት መከላከያው ጎድሎበታል። ሺፕሄድ የሚባለው ዓሣና ኦክቶፐስ እንዲህ ያለውን አይምሩትም።

ሁለተኛውን በትክክል ያዝኩት። ስለካው ያልፋል ብዬ ደስ አለኝ። ባልደረባዬ መለኪያውን ከእጄ ወስዶ እንደገና ለካ። እኔ የለካሁት ከዓይኑ በላይ ከሚወጡት ቀንዶች ጫፍ ጀምሬ ነበር። ትክክለኛው ልክ ከዓይን ጉድጓዱ የኋላ ጠርዝ ተነስቶ በመሐል በቀጥታ እስከ ጀርባው ጋሻ መጨረሻ ነው። ይህ ቢያንስ 3¼ ኢንች፣ ማለትም 8.3 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የኔው አልሞላም። እዚያው ውኃው ውስጥ ለቀቅኩት። ለዚህ መጠን ለመድረስ ደግሞ አንድ ሎብስተር ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እኔ ባልሞላ ልክ ወደ ከረጢት ልከተው የነበረው እንስሳ የብዙ ዓመት ዕድሜ ነበረው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ማደን አልፈለግኩም። ባሕሩን ግን ወድጄዋለሁ። ሎብስተሩንም ወድጄዋለሁ። ሳልይዘው አብሬው የምሆንበትን መንገድ ስጠይቅ ሪፍ ቼክ የሚባለውን ድርጅት ነገሩኝ። በካሊፎርኒያ ከ2006 ጀምሮ ፈቃደኛ ጠላቂዎችን እያሠለጠነ በባሕር አረም ጫካው ውስጥ ያለውን ሕይወት ያስቆጥራል። ዓሣውን፣ የባሕር ጃርቱን፣ ኬልፑን (ጫካውን የሚሠራውን ረጅም የባሕር አረም)፣ ሎብስተሩን። ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ነርስ ነኝ፣ ተቀበሉኝ። አብረውኝ የሠለጠኑት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ነበሩ።

ሥልጠናው በክፍል፣ በገንዳና በባሕር ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የባሕሩ ወለል ላይ 30 ሜትር ሜትሮ ይዘረጋል። ከሜትሮው ግራና ቀኝ አንዳንድ ሜትር፣ በድምሩ 2 ሜትር ስፋት ያለው መስመር ውስጥ ያለውን ሁሉ እየቆጠርሽ ትሄጃለሽ። ቁጥሩ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ከመስመሩ ውጪ ያለው አይቆጠርም።

የመጀመሪያ ፈተናዬ ላይ አራት ሎብስተር ጻፍኩ። አሠልጣኛችን በዚያው መስመር ላይ 11 ጽፋለች። ያልሆነ ነገር የቆጠረች መስሎኝ ነበር። ይዛኝ ተመለሰች። በጣቷ አንድ የድንጋይ ጥግ አሳየችኝ። እኔ በዚያ ጥግ ከላይ ነው ያለፍኩት። እሷ ግን ተጋደመች። ደረቷ አሸዋውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጉንጯን ወደ ወለሉ አስጠግታ ባትሪዋን አግድም ወደ ውስጥ አበራች። እኔም ጎኗ ተጋደምኩ። ጥቁር የመሰለኝ ስንጥቅ ውስጥ አምስት ሎብስተሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ዓይኖቻቸው ያበራሉ። አንቴናቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው ቀስ እያሉ ያወዛውዛሉ።

ያን ቀን የተማርኩት ሥራውን እስካሁን ይመራኛል። አንቴና አትቁጠሩ። ከአንድ ጉድጓድ ስድስት አንቴና ቢወጣ ሦስት ሎብስተር ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ የተሰበረበት ሊኖር ይችላል። የተሰበረበትን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ፊት ቁጠሩ። ድንጋይ አታንቀሳቅሱ፣ በእጃችሁ አትጎርጉሩ። ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ማየት ያቃታችሁን በግምት አትሙሉት።

ሌላም አለ። እዚሁ ሳንዲያጎ፣ ላሆያ አካባቢ በአንድ ጠዋት ጥልቀት አሥር ሜትር ላይ ከስንጥቅ አፍ ላይ የሞተ ሎብስተር አየሁ። እግሩ፣ አንቴናው፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር ሙሉ ነው። ልጽፈው እርሳሴን አነሳሁ። ማዕበሉ ሲገፋው ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ተንሳፈፈ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጀርባውና ጅራቱ በሚገናኙበት ቦታ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ባለቤቱ በዚያ ክፍተት ወጥቶ ሄዷል። ባትሪዬን ወደ ስንጥቁ ሳበራ እሱ ራሱ ከኋላ ተቀምጧል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ አዲሱ ልባሱ ገና ያልጠነከረ። ያን ቀን የተጻፈው አንድ ነው። ልባሱ አይቆጠርም። ጀማሪ ሆናችሁ «ሎብስተሮቹ እየሞቱ ነው» ብላችሁ ከመደናገጣችሁ በፊት መገጣጠሚያውን እዩ።

ከሁሉም የከበደኝ ዜሮ መጻፍ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በክረምት 14 ዲግሪ አካባቢ ውስጥ 30 ሜትር ሄደሽ አንድም ሳታገኚ ስትቀሪ እጅሽ ያመነታል። በተለይ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ወጣ ብሎ አሥራ አምስት የተከማቹበት ጉድጓድ እያየሽ። አንድ ጊዜ «እነዚህን ብጨምራቸው ምን አለበት፣ አሉ አይደል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። አሠልጣኟ ጀልባው ላይ አስረዳችኝ። ዓላማው ሎብስተር መኖሩን ማሳየት አይደለም። ዘንድሮን ካምና፣ የተከለለውን ቦታ ካልተከለለው ጋር በአንድ ልክ ማወዳደር ነው። ልኩን ዛሬ ካሰፋሁት የከረመው ሁሉ ቁጥር ይበላሻል። ዜሮም መረጃ ነው።

ይህን ስትለኝ አጎቴ ትዝ አለኝ። ጣና ላይ ታንኳ ነበረው። ቀረሶና አምባዛ ያወጣ ነበር። ሲያረጅ ሁልጊዜ የሚያወራው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ነበር። ቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ ሲመጣ ትንሹንም ትልቁንም እኩል ይጠርግ ጀመር ይላል። እውነቱን ነበር። ግን ስንት ነበር፣ ስንት ቀረ ቢሉት የሚሰጠው ቁጥር የለውም። ያለው ትዝታ ነው። ትዝታ ይዞ ቢሮ የሚሄድ ሰው «ጋሼ፣ መረጃ አለዎት?» ሲባል ዝም ይላል። እኔ ያን ዝምታ ስለማውቀው ነው እያንዳንዷን መስመር የምጽፈው።

ቁጥሩ ሥራ ላይ ይውላል። በደቡብ ካሊፎርኒያ እርስ በርስ የተያያዙ የባሕር ጥብቅ ቦታዎች ሥራ የጀመሩት ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ነው። ከላሆያ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ያለው ማትላሁአይል አንዱ ነው። እዚያ ማየት ይቻላል፣ መያዝ አይቻልም። ሲከለል ብዙ ዓሣ አጥማጆች ተቃውመው ነበር። ንዴታቸው ይገባኛል፤ እንጀራቸው ነው። ግን በ2021 የታተመ የሳንታ ባርባራ ጥናት አለ። የማጥመጃው ቦታ በ35 በመቶ ቢቀንስም ከስድስት ዓመት በኋላ በአካባቢው የተያዘው ሎብስተር በአጠቃላይ በ225 በመቶ ጨምሯል። በተከለለው ቦታ ውስጥ የበዛው ወደ ውጪ ይፈስሳል። ይህን «ይመስለኛል» ብሎ ማንም አያሳምንም። ስለተቆጠረ ነው የታወቀው።

ጥቅሙ ከሎብስተሩም ያልፋል። ሎብስተር የባሕር ጃርት ይበላል። ጃርቱ ያለ ልክ ሲበዛ ኬልፑን ከሥሩ እየበላ ወለሉን ባዶ ያስቀረዋል። ኬልፕ ሲመቸው በቀን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያድግ፣ ከወለል እስከ ውኃው ገጽ የሚቆም ጫካ ነው። ፀሐይ በቅጠሎቹ መሐል ስትወርድ ያየ ሰው የዘጌን ጫካ ያስታውሳል። እኔ ቢያንስ ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ማደን ለምትወዱ። የሚያድን ሰው ጠላት አይደለም። እንዲያውም ሕጉን ጠንቅቆ የሚይዝ አዳኝ ከማንም በላይ ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ከ2008 ጀምሮ ማንኛውም ሎብስተር ለመዝናኛ የሚይዝ ሰው የሎብስተር ካርድ ሊኖረው ግድ ነው። የት እንደጠለቃችሁ፣ በምን እንደያዛችሁና ስንት እንደያዛችሁ ይሞላበታል። ወቅቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኤፕሪል 30 መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምንም ባትይዙም፣ ከነጭራሹ ባትሄዱም ይመለሳል። ያልያዘ ሰው ካርድ ካልተመለሰ ወቅቱ ከሆነው በላይ የተሳካ ይመስላል። እንደገና ዜሮ መረጃ ነው። ባለመመለስ ተጨማሪ ክፍያም ይመጣል። በድረ ገጽ መሙላት ይቻላል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መለኪያውን ገመድ አስራችሁ እጃችሁ ላይ ያዙት። ልኩ ያልሞላ ሎብስተር ከረጢት ውስጥ ወይም ጀልባ ላይ መግባት የለበትም። ከላይ በመዳፋችሁ ጀርባውን ወለሉ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፣ አንቴናውንና እግሩን አትጎትቱ። የሞላውን ስትይዙ የጅራቱን ጫፍ መሐከለኛ ክንፍ መብሳት ወይም መቁረጥ ሕግ ነው። ይህ ለመዝናኛ የተያዘ ሎብስተር በድብቅ ሬስቶራንት እንዳይሸጥ የሚያደርግ ምልክት ነው። ሕጉ በሌላ ስቴት ሌላ ነው። ፍሎሪዳ ያላችሁ ለምሳሌ ልኩ 3 ኢንች ነው፣ መለኪያው ውኃ ውስጥ አብሯችሁ መሆን አለበት፣ እንቁላል የተሸከመች ሴት ሎብስተር መያዝ ክልክል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ደንብ አንብቡ።

እንቁላል የያዘችውን ካነሳሁ አይቀር። እዚህ በፀደይና በበጋ፣ ወቅቱ ሲዘጋ፣ ጅራታቸው ሥር እንቁላል ተሸክመው ታዩአቸዋላችሁ። መጀመሪያ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፣ ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል። አንዷ ከ50,000 እስከ 800,000 ትሸከማለች። የሚፈለፈለው ጠፍጣፋ፣ እንደ መስታወት የጠራ ነገር ነው፤ ብዙ ወራት በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል። ከዚያ ሁሉ ወደ ድንጋዩ የሚመለሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለችውን ስታዩ ብርሃናችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ራቅ በሉ።

የዓሣ አጥማጅ ወጥመድ ካያችሁ አትንኩ። አይከፈት፣ አይነሳ፣ ውስጡ ያለው አይለቀቅ። የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ሕጉም ይከለክላል። የተጣለ ቢመስላችሁም ቦታውን መዝግባችሁ አሳውቁ። በተከለለ ቦታ በሌሊት የሚይዝ ሰው ካያችሁም ራሳችሁ አትጋፈጡ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና የመኪናውን ታርጋ ጻፉና ካልቲፕ ለሚባለው የጥቆማ መስመር ደውሉ። ስማችሁን መናገር ግዴታ አይደለም።

ደኅንነት ላይ አጥብቄ ልናገር፤ በሙያዬም ስለማየው ነው። ወቅቱ በሚከፈትበት ሌሊት ሕይወታቸው ያለፈ ጠላቂዎች አሉ። አንድ ዓመት ያልጠለቀ ሰው፣ ያልተፈተሸ ዕቃ፣ ጨለማ፣ ማዕበል፤ በዚያ ላይ ችኮላ። ሎብስተር ሲያሳድዱ አየራቸውን ሳያዩ ይቆያሉ፣ ጓደኛቸውን ያጣሉ። ለቆጠራም ቢሆን ያው ነው። ማዕበሉ ከከበደ እመለሳለሁ። ከጓደኛዬ ዓይን አልርቅም። ቁጥር ሌላ ቀን ይወሰዳል።

ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ዋና፣ የጀማሪ ኮርስ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ዝም ብሎ መጥለቅ። ውኃ ውስጥ ሳይንፈራገጡ ባሉበት ተንሳፍፎ መቆም እስኪለመድ ድረስ ቆጠራ አይሞከርም፤ አሸዋውን ታስነሱና ለራሳችሁም ለሌላውም አይታይም። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በኪራይ ነው የጠለቅኩት። ያወጣሁበት ነገር ቢኖር ጥሩ ዌትሱት (ብርድ የሚከላከል የጠላቂ ልብስ) እና ጥሩ ባትሪ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ፖይንት ሎማ ኬልፕ ውስጥ ነበርን። ስድስት መስመር ሠራን። ውኃው ደፍርሶ አራት ሜትር እንኳ አይታይም ነበር። ማታ ዕቃዬን በንጹሕ ውኃ አጥቤ ሰሌዳውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አደረግኩና ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ጀመርኩ። ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሦስት። ስልኩ ጠራ፣ እናቴ ነበረች። ከልጆች ጤንነት ቀጥላ ወዲያው ጠየቀችኝ።

«ዛሬስ ስንት ሆኑ?»

«አሥራ ሦስት፣ እማዬ።»

«ካለፈው አነሱሳ» አለችኝ።